በሰሜን ሸዋ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የእሳት ማጥፊያ ስፕሪንክለር አዘረጋግ፦ ከውሃው እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ጧፍና ሻማ፣ የጽና ፍም፣ በጣሪያው ስር እንደ ነገሩ የተጎተተ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ለብዙ ዘመን የደረቀ የጽድ ወራጅና ማገር። የሰሜን ሸዋ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት እሳት የሚያስነሣውንም እሳት የሚበላውንም በአንድ ክዳን ስር ይዘው ነው የኖሩት። አንኮበር ላይ ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ ከደብረ ብርሃን የሚላክ የእሳት አደጋ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራማ መንገድ ይጠብቀዋል። ወደ መንዝ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ደረቅ ጽድ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ውሃው ከሩቅ የሚመጣ ሳይሆን እሳቱ በተነሣበት ቦታ፣ ገና ትንሽ ሳለ፣ ሰው ሳይነካው የሚለቀቅ መሆን አለበት። ስፕሪንክለር የሚባለው ይህንን የሚያደርግ፣ ከጣሪያው ስር የሚዘረጋ የቧንቧና የመርጫ ራሶች መስመር ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለደብር አለቆች፣ ለመሐንዲሶችና ለቧንቧ ባለሙያዎች ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በብዛት የተወሰዱት በሀገራችን ዲዛይነሮችም ከሚጠቀሙበት ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 13 ከተባለው የአሜሪካ ደረጃ ነው። የመጨረሻውን ስሌት ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መሥራትና መፈረም አለበት፤ እናንተ ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚህ ታገኛላችሁ።

አስቀድሞ አንድ ስጋት እናንሣ። ብዙ አባቶች ስፕሪንክለር ሲባል «አንድ ሻማ ቢጨስ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ በውሃ ይጥለቀለቃል፣ ሥዕሉም ይጠፋል» ብለው ይፈራሉ። አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ የመርጫ ራስ ፈሳሽ በያዘች ትንሽ ብርጭቆ ተዘግቷል። ብርጭቆዋን የሚሰብራት ጭስ ሳይሆን በራሱ አጠገብ የሚደርስ ሙቀት ነው፤ የሚከፈተውም የሞቀው ራስ ብቻ ነው። የዕጣን ጢስ አይከፍተውም። በአብዛኛው የሚከፈቱት እሳቱ አናት ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ራስ በደቂቃ ከ50 እስከ 80 ሊትር ገደማ ያፈሳል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቱቦ በደቂቃ ብዙ መቶ ሊትር በኃይል ይረጫል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሸራ ሥዕል ያን ግፊት አይችልም። ለሥዕሉ የሚሻለው የቱ እንደሆነ ከዚህ መመዘን ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ፈቃድና ምክክር

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። መንገዱ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዞኑ መምሪያ፣ ወደ ክልሉ ቢሮና ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል። ጎን ለጎን የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ መያዝ አለበት። ማመልከቻው ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ የት እንደሚበሳ፣ እያንዳንዱ ማንጠልጠያ የት እንደሚያርፍ በሥዕል መታየት አለበት። ሁሉም ነገር ወደፊት ቢነቀል ሕንፃው ወደነበረበት ሊመለስ እንደሚችልም ይጻፍ። የቅርስ ባለሙያ አጥብቆ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ቢጠይቅም ልክ ነው።

ስለ መቅደሱ ገና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ስለሆኑ ቧንቧ ሠራተኛው እንደ ልቡ ሊገባ አይችልም። ሁለት መንገድ አለ። ደብሩ እድሳት ካሰበ ታቦቱ ወደ መቃኞ በሚዛወርበት ጊዜ ሥራውን አብሮ መሥራት አንደኛው ነው፤ እኔ የምመርጠውም ይህንን ነው። ሁለተኛው የእጅ ሙያ ያለውን ዲያቆን አሠልጥኖ የመቅደሱን ክፍል እሱ እንዲሠራው ማድረግ ነው። በሁለቱም መንገድ ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያና የፍተሻ ቧንቧ ከመቅደሱ ውጭ ይደረጉ። ያኔ በየዓመቱ ለሚደረገው ፍተሻ ማንም ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። የሥራ ቀናቱን ከቄሰ ገበዙ ጋር ተቀምጣችሁ ቁረጡ፤ የቅዳሴውን ሰዓትና የንግሡን ቀን ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም።

ደረጃ 2፦ ሕንፃውን መለካት፣ ብርዱንም መለካት

የሕንፃውን ዙሪያ፣ የቅኔ ማኅሌቱን፣ የቅድስቱንና የመቅደሱን ስፋት፣ የጣሪያውን ተዳፋት፣ የወራጆቹን ርቀትና ውፍረት ለኩ። ሥዕሎቹን በሙሉ ከሥራው በፊት ፎቶ አንሡ። ኮርኒስ ካለ ከላዩ ያለውን ባዶ ቦታ ገብታችሁ እዩ። እሳት ተደብቆ የሚሮጥበት እሱ ነውና ከኮርኒሱ በታች ብቻ ራስ ማድረግ በቂ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን የብርዱን ልኬት ነው። በቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያኔ መገጣጠሚያውን ወይም ራሱን ይሰነጥቀዋል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ሥዕሉ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 13 ውሃ የተሞላ መስመር ያለበት ቦታ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድ ያዛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጯን የማያውቅ የለም። ሸዋሮቢት ወርዶ ግን ችግሩ ሙቀት እንጂ ብርድ አይደለም። አንድ ዞን ውስጥ ሆነው ሁለቱ አንድ ዓይነት ዲዛይን ሊወስዱ አይችሉም።

የምታደርጉት ቀላል ነው። ዝቅተኛውን የሌሊት ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ግዙና አንዱን ጣሪያው ስር፣ አንዱን ቅድስቱ ውስጥ፣ አንዱን ቫልቭ ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ ስቀሉ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ በየጠዋቱ አንድ ዲያቆን እያነበበ ይመዝግብ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ውጭው ውርጭ ሆኖ ውስጡ ከ4 ዲግሪ በላይ ሊያድር ይችላል፤ በቆርቆሮው ስር ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ መዘግየት ያስቆጫል፤ ይህ መዝገብ ግን ቀጥሎ እንደምታዩት ወደ ሰባት ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ሊያተርፍላችሁ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የመስመሩን ዓይነት መምረጥ

እርጥብ መስመር ማለት ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ የተሞላ ነው። ራሱ እንደተከፈተ ውሃው ይወርዳል፤ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። ብርዱ ከፈቀደ ያለ ማመንታት ይህንን ምረጡ።

ደረቅ መስመር የታመቀ አየር ይይዛል። ራስ ሲከፈት አየሩ ይወጣል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ውሃው ይከተላል። ውርጭ ላለበት ቦታ የግድ ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ውሃው ይዘገያል፣ ቧንቧው ከውስጥ በቶሎ ይዝጋል፣ አየሩን የሚሞላው ኮምፕረሰር መብራት ይፈልጋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋና አየሩ ቀስ በቀስ ሲያመልጥ፣ ቫልቩ እሳት የመጣ መስሎት ውሃውን ሊለቀው ይችላል። ስለዚህ በቂ የአየር ጋን ያለው ኮምፕረሰር ወይም መጠባበቂያ የናይትሮጅን ሲሊንደር አብሮ መገዛት አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ሁለት ምልክት ይጠብቃል፦ የጭስ ወይም የሙቀት ጠቋሚው ካልጮኸና ራሱም ካልተከፈተ ውሃ አይወርድም። ይህንን ለዕቃ ቤቱ አስቡለት። የብራና መጻሕፍት በውሃም በሙቀትም ይሸበሸባሉ፤ በስህተት የሚወርድ አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ ጉዳት ነው። መጻሕፍቱ ክዳን ባለው ሣጥን ይቀመጡ፤ የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ደግሞ ከመርጫ ራሶቹ በታች ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

በጭጋግ መልክ የሚረጭ ዘዴም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተቃጠለው የፓሪሱ ኖትር ዳም ሲታደስ ጣሪያው ውስጥ የተገጠመው ይህ ነው። ውሃው ጥቂት ነው፤ ፓምፑና መለዋወጫው ግን ውድና ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለገጠር ደብር አልመክረውም።

ክዳኑ የጓሳ ሣር ለሆነ የመንዝ ቤት ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ከውስጥ ያለ ስፕሪንክለር ከውጭ በክዳኑ ላይ የተያያዘን እሳት አያጠፋም፣ ምክንያቱም ሣሩ ውሃን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ውጭ ለማፍሰስ የተሠራ ነው። እዚያ ከውስጡ በተጨማሪ ክዳኑን ከውጭ የሚያርስ መርጫና የቱቦ መውጫ ያስፈልጋል።

የመኪና ራዲያተር አንቱፍሪዝ ቧንቧ ውስጥ ጨምረን ውርጩን እንከላከል የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። አንዳንዱ ፈሳሽ ሲበዛ ራሱ ይነድዳል።

ደረጃ 4፦ ውሃው

በግልጽ ልናገር፦ ውሃው በሊትርና በባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሳይረጋገጥ አንድም ቧንቧ አይገዛ። ራሶቹ የሚያብረቀርቁ ሆነው ከኋላቸው በቂ ውሃ የሌለው መስመር ለሕዝቡ የሚሰጠው ሐሰተኛ እምነት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 18 ሜትር፣ ቆዳ ስፋቱም 254 ካሬ ሜትር ገደማ። ቤተ እምነቶች የሚመደቡት በዝቅተኛው የአደጋ ደረጃ ነው። ለዚያ በየካሬ ሜትሩ በደቂቃ 4.1 ሊትር፣ በ139 ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል ተብሎ ይሰላል። ነገር ግን ጣሪያው ሾጣጣ ነው፤ ተዳፋቱ በየስድስት ሜትር አግድም ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ስፋቱ በ30 በመቶ ይጨመራል። መስመሩ ደረቅ ከሆነ ሌላ 30 በመቶ። 139 ካሬ ሜትሩ ወደ 235 ደረሰ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በሙሉ ሊያዳርስ ጥቂት ነው የቀረው።

ወራጆቹ በተቀራረቡበት የእንጨት ጣሪያ አንድ ራስ እንዲሸፍን የሚፈቀደው ወደ 12 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ 20 ራሶች። የተለመደው ኬ 80 ራስ (ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ይነግራል) በግማሽ ባር ግፊት 57 ሊትር ገደማ ስለሚሰጥ፣ 20 ራሶች በደቂቃ 1,140 ሊትር ይጠጣሉ። ለ30 ደቂቃ 34,200 ሊትር። ለቱቦ በደቂቃ 380 ሊትር ሲታከልበት 45,600 ይሆናል። ይህ ማለት 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አምስት። በቴርሞሜትሩ መዝገብ ብርዱ እርጥብ መስመር ከፈቀደ ግን ስፋቱ 181 ካሬ ሜትር፣ ራሶቹ 16፣ ጠቅላላ ውሃው 38,800 ሊትር ገደማ ነው፤ አራት ሮቶ ይበቃል፣ ፓምፑም ያንሳል። ከደብረ ብርሃን ርቆ ላለ ደብር የ30 ደቂቃው ልክ ያንሳል ብዬ አምናለሁ፤ አቅም ካለ የ60 ደቂቃ ውሃ ያዙ።

አሁን ግፊቱ። የሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር እዚህ ላይ ይረዳናል። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። ሮቶዎቹን ከቤተ ክርስቲያኑ 30 ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ማኖር ከተቻለ ያለ መብራትና ያለ ነዳጅ 2.9 ባር ታገኛላችሁ። ከዚህ ውስጥ 0.8 ባሩ ውሃውን 8 ሜትር ወደ ጣሪያው ለማውጣት፣ 0.5 ባሩ ለመጨረሻው ራስ ይሄዳል። የቀረው 1.6 ባር በቧንቧ ውስጥ ለሚጠፋው ነው። እዚህ ላይ የቧንቧው ውፍረት ሁሉን ይወስናል። 1,140 ሊትሩ በ4 ኢንች ብረት ቧንቧ 200 ሜትር ሲጓዝ 1.1 ባር ገደማ ያጣል፤ በ3 ኢንች ግን ከ4.5 ባር በላይ፤ ማለትም ውሃው ጨርሶ አይደርስም። ገንዘብ ለመቆጠብ «3 ኢንች ይበቃል» የሚል ሰው ቢመጣ ይህንን ስሌት አሳዩት። መስመሩን ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት፤ ከውርጭም ከዶማም ያመልጣል።

ብዙ ደብሮች ግን ራሳቸው ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከላያቸው ጉብታ የለም። ያኔ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ መብራቱ የሚታመን ስላልሆነም የናፍጣ ሞተር። የናፍጣ ሞተር በከፍታ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከ90 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ይቀነሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ 27 በመቶ ገደማ ነው። አስመጪው በካታሎጉ ላይ ያለውን ጉልበት ሲነግራችሁ፣ «በ2,800 ሜትር ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፕ ከታች ውሃ የመሳብ አቅሙም ይወርዳል። ስለዚህ ፓምፑ ውሃው በራሱ ክብደት እንዲገባለት ከታንከሩ ሥር ይቀመጥ።

የእሳቱ ውሃ ለጠበልም፣ ለእድሞም፣ ለችግኝም እንዳይነካ መውጫው ለብቻው ይሁን።

ደረጃ 5፦ ራሶቹን መደልደል

የብርጭቆዋ ቀለም የምትሰበርበትን ሙቀት ይነግራል፦ ብርቱካናማ 57 ዲግሪ፣ ቀይ 68፣ ቢጫ 79፣ አረንጓዴ 93። በቅድስትና በቅኔ ማኅሌት ከኮርኒስ በታች ቀዩ ይስማማል። ፀሐይ ከሚያግለው ቆርቆሮ ስር፣ በተለይ ቆላው ላይ፣ አረንጓዴውን ተጠቀሙ። ቀዩን እዚያ ማድረግ ያለ እሳት እንዲፈነዳ መጋበዝ ነው።

ራሱ ከጣሪያው በታች ከ2.5 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ከግድግዳው ደግሞ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ምሰሶ ወይም አግዳሚ እንጨት የውሃውን መንገድ እንዳይዘጋ እዩ። ጧፍ ከሚበዛበት ቦታ በቀጥታ በላይ አታድርጉ፤ ትንሽ ወደ ጎን አውጡት። በክብ ቤተ ክርስቲያን የሚያምረው አሠራር ዋናውን ቧንቧ በቅድስቱ ግድግዳ አናት ላይ እንደ ቀለበት ማዞር ነው። ከታች ለቆመ ሰው አይታይም፣ ውሃውም ከሁለት በኩል ስለሚመጣ ግፊቱ ይመጣጠናል።

ደረጃ 6፦ ቧንቧውን መስቀል

የመጀመሪያው ሕግ፦ በሕንፃው ውስጥ ብየዳ የለም። በግራይንደር መቁረጥም የለም። በዓለም ላይ ብዙ ጥንታዊ ሕንፃ የተቃጠለው በእድሳት ላይ ሳለ ነው። ቧንቧው ከግቢው ውጭ ተቆርጦ፣ ጥርስ ወጥቶለት ወይም ለክላምፕ መጋጠሚያ ተዘጋጅቶ ይግባ፤ ውስጥ የሚሠራው ማጥበቅ ብቻ ነው። ለደረቅ መስመር ሲ.ፒ.ቪ.ሲ. የተባለውን ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ጋልቫናይዝድ ብረት ይሁን።

እያንዳንዱ ማንጠልጠያ ውሃ የሞላውን ቧንቧ ክብደት አምስት እጥፍና ተጨማሪ 114 ኪሎ መሸከም አለበት። ባለ 2 ኢንች ብረት ቧንቧ ውሃ ሲሞላ በሜትር 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ3 ሜትር ርቀት ከተሰቀለ አንዱ ነጥብ ላይ 21 ኪሎ ያርፋል፤ ስለዚህ ያ ወራጅ 220 ኪሎ ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ምስጥ የበላውን እንጨት በዓይን ማየት አይበቃም፤ በቀጭን ወስፌ ውጉት። ጠልቆ ከገባ ያ እንጨት ቧንቧ አይሸከምም። ማንጠልጠያው እንጨቱን አቅፎ የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል፤ መብሳት ሲያስፈልግም ሥዕልና ቅርጽ ባለበት ቦታ ፈጽሞ አይበሳም። ጉልላቱን አትንኩ።

ደረቅ መስመር ውሃ እንዳይቋጥር ተዳፋት ይፈልጋል፦ ቅርንጫፉ በሜትር 4 ሚሊ ሜትር፣ ዋናው 2 ሚሊ ሜትር። ዝቅ ባለው ነጥብ ሁሉ ማፍሰሻ ቫልቭ ይግባ። ደጋ ላይ መብረቅ ስለሚበዛ የብረት ቧንቧው ከመብረቅ መከላከያው ጋር ተያይዞ ወደ መሬት ይውረድ።

የወረደው ውሃ የሚወጣበትን መንገድም አስቡ። በጭቃ የተሠራ ግድግዳ እግሩ በውሃ ከተነከረ ከእሳት ተርፎ በማግሥቱ ሊወድቅ ይችላል። በየበሩ መድረክ ሥር የውሃ መውጫና ወደ ውጭ የሚያዘልቅ ቦይ ይሠራ።

ደረጃ 7፦ ፍተሻ

በአሮጌ ሕንፃ ውሃ ከመግባቱ በፊት በአየር ፈትሹ፦ 2.7 ባር ሞልታችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት፤ የቀነሰው ከ0.1 ባር መብለጥ የለበትም። በሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ እዩ። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹን ሳይነካቸው በላስቲክ ጋርዳችሁ በውሃ 13.8 ባር ላይ ለ2 ሰዓት ያዙት። ሲ.ፒ.ቪ.ሲ. በተጠቀማችሁበት እርጥብ መስመር ግን በአየር መፈተሽ ክልክል ነው፤ ሲሰበር እንደ ጥይት ይበተናል። የውሃ ፍተሻው ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት ወዲህ ይሁን። በመጨረሻም የሩቁን የፍተሻ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው በስንት ሰከንድ እንደደረሰ መዝግቡ፤ በደረቅ መስመር ከ60 ሰከንድ እንዳይበልጥ አድርጉ።

ደረጃ 8፦ ለሚያድሩት ሰዎች ማስረከብ

ተቋራጩ ሲሄድ እዚያው የሚያድሩት የጥበቃ ሠራተኛውና ዲያቆናቱ ናቸው። ዋናው ቫልቭ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ በሰንሰለት ይቆለፍ፤ ቁልፉ ለቄሰ ገበዙና ለጥበቃው ይሰጥ። እሳቱ መጥፋቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከታየ በኋላ ብቻ ቫልቩ ይዘጋል፤ ያኔ ግን በቶሎ ይዘጋ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ለሥዕሉ ጉዳት ነው። ይህንን በተግባር አለማምዷቸው።

በየሳምንቱ የግፊት መለኪያውን ማንበብ፣ ሞተሩን ማስነሣት፣ የሮቶውን ልክ ማየት። በየጥቅምቱ ውርጩ ሳይገባ የደረቁን መስመር ማፍሰሻዎች አንድ በአንድ ከፍቶ የተጠራቀመውን ውሃ ማውጣት። በየዓመቱ ራሶቹን ከታች በባትሪ ብርሃን መመልከት፦ የዕጣን ጢስና የጧፍ ጥላሸት ብርጭቆዋ ላይ ሲጋገር ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሳታል። ስስ አቧራ ከሆነ ሳይነኩ በአየር ማራገፍ ይቻላል፤ የተጋገረውን ግን መፋቅ የለም፣ ራሱ ይቀየራል። ጣሪያ ሲቀባ ቀለም የነካው ራስም እንዲሁ። ለዚህ ቢያንስ ስድስት መለዋወጫ ራሶች ከየቀለማቸው፣ ከመፍቻቸው ጋር፣ በሣጥን ሆነው ቫልቩ ባለበት ክፍል ይቀመጡ።